በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር የፊት ዲፈረንሻልና የመጎተት ኃይል

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በወላይታ ዞን ለሚሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ትራክተር ላላቸው ወይም ለሚከራዩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ዓላማው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር በእርጥብ ማሳ ላይ ለምን እንደሚንሸራተት፣ የፊት ዲፈረንሻል በዚህ ረገድ ምን ድርሻ እንዳለው፣ ከዚያም ሾፌሩ፣ የማኅበሩ ኮሚቴና የልማት ሠራተኛው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ማስረዳት ነው።

በወላይታ አብዛኛው ማሳ የሚታረሰው በበሬ ነው። የአንድ ቤተሰብ መሬት ጠባብ በመሆኑና በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያለው ደጋና ወይና ደጋ ተዳፋት ስለሚበዛበት፣ ትራክተር በሁሉም ስፍራ አይገባም። ለትራክተር ይበልጥ የሚመቸው ሜዳማው ቆላ ነው። ለምሳሌ በሁምቦ ወረዳ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው የአበላ አካባቢና የብላቴን ወንዝ ተከትሎ የሚገኘው ሜዳ ይጠቀሳሉ። አበላ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ገበሬዎችን ካሰፈረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

በቆላው ዋናው ችግር የጊዜ ጥበት ነው። የበልግ ዝናብ ከመጣሉ በፊት መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ዝናቡ ከበረታ በኋላ ደግሞ ድጥና ማጥ ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉት ጥሩ የእርሻ ቀናት ጥቂት ናቸው። ትራክተር አንድ ቀን ማጥ ውስጥ ሲውል የሚጎዳው የማሳው ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ተራ የሚጠብቁት አባላት ሁሉ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ የበልግ ወቅት ያየውን እዚህ ላይ መጥቀስ ይጠቅማል። የአንድ ማኅበር ትራክተር ውኃ በቋጠረ የማሳ ጥግ ላይ ቆመ። የቀኝ የፊት ጎማ በጭቃ ውስጥ በባዶ ይሽከረከራል፤ በደረቅ መሬት ላይ ያለው የግራ ጎማ ግን አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ «አራቱም ጎማ ይጎትታል ተብሎ ነው የተገዛው» አለና መሪውን እንዳጠመዘዘ፣ ሞተሩን በኃይል እያስጮኸ የዲፈረንሻሉን መቆለፊያ ጫነው። ወዲያውኑ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ ተሰበረ። መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ ወቅቱ አለፈ፤ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት አባላት ግማሾቹ በሬ ተከራዩ፣ ግማሾቹም በቆሎአቸውን ዘግይተው ዘሩ። ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ አልነበረም። ትራክተሩን ሲረከብ ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ ያስረዳው ሰው አልነበረም።

2. ዲፈረንሻል ለምን ያስፈልጋል?

ትራክተር በሚዞርበት ጊዜ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። ለምሳሌ ውስጠኛው ጎማ ከመዞሪያው መካከል 4 ሜትር ርቆ ቢዞርና በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1.6 ሜትር ቢኖር፣ ግማሽ ክብ ለመዞር የውስጠኛው ጎማ 12.6 ሜትር ያህል፣ የውጪው ደግሞ 17.6 ሜትር ያህል ይሄዳል። ልዩነቱ 5 ሜትር ነው።

ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ቢታሰሩ ኖሮ ይህን ልዩነት ለማካካስ አንደኛው መንሸራተት ይኖርበት ነበር። በዚህም ምክንያት ጎማ ያልቃል፣ መሪ ይከብዳል፣ ዘንግ ይጨነቃል። ዲፈረንሻል በአክስሉ መካከል የሚገኝ የጥርሶች ስብስብ ሲሆን፣ ከሞተር የመጣውን ኃይል ለሁለት ከፍሎ ለግራና ለቀኝ ጎማ ያደርሳል፤ ሁለቱ ጎማዎችም በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። መሪ የሚታዘዘው በፊት ጎማዎች ስለሆነ ይህ አገልግሎት በፊት አክስል ላይ በተለይ ያስፈልጋል።

3. ዲፈረንሻል የመጎተት ኃይልን እንዴት ይወስናል?

ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያደርሰው ኃይል እኩል ነው። አንደኛው ጎማ በጭቃ ላይ ሆኖ መሬት መያዝ ቢያቅተው፣ ሌላው በደረቅ መሬት ላይ ቢሆንም እንኳ ከደካማው የበለጠ ኃይል ሊያገኝ አይችልም።

ይህን ለገበሬ ለማስረዳት ከቀንበር የተሻለ ምሳሌ የለም። ሞፈሩ በምራን ከቀንበሩ መካከል ላይ ሲታሰር ሁለቱ በሬዎች የሚስቡት ኃይል እኩል መሆን አለበት። አንደኛው በሬ ደካማ ከሆነ ብርቱው በሬ ወደ ፊት ይቀድማል፣ ቀንበሩም ይጣመማል፤ ማረሻው ግን ደካማው በሬ ከሚችለው እጥፍ በላይ አይሳብም። ምራኑ ወደ ብርቱው በሬ ጠጋ ቢል የበለጠው ሸክም በብርቱው ላይ ይሆናል። ቀንበሩ እንዳይጣመም ተደርጎ ቢታሰር ደግሞ እያንዳንዱ በሬ የሚችለውን ያህል ይስባል። ሦስቱ የዲፈረንሻል ዓይነቶች ከእነዚህ ከሦስቱ አስተሳሰሮች ጋር ይመሳሰላሉ።

በቁጥር ለማየት ያህል፣ ደረቅ መሬት የያዘው የፊት ጎማ እስከ 600 ኪሎ፣ በጭቃ ላይ ያለው ደግሞ 100 ኪሎ ብቻ ለመጎተት ይችላሉ እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

— በተራ (ክፍት) ዲፈረንሻል፦ 100 + 100 = 200 ኪሎ።
— ለብርቱው ጎማ እስከ ሦስት እጥፍ በሚያደርስ ከፊል ቆላፊ ዲፈረንሻል፦ 100 + 300 = 400 ኪሎ።
— ሙሉ በሙሉ በተቆለፈ ዲፈረንሻል፦ 100 + 600 = 700 ኪሎ።

እንግዲህ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ሞተርና በአንድ ዓይነት ጎማ፣ ዲፈረንሻሉ ብቻ በመለያየቱ የፊት አክስል የመጎተት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ሊለያይ ይችላል። ሞተሩን ማስጮህ ይህን አይለውጠውም፤ ደካማውን ጎማ ይበልጥ ያሽከረክረዋል፣ ጉድጓዱንም ያጠልቀዋል።

የኋላው አክስልም የራሱ ዲፈረንሻል አለው። ሁለቱም ክፍት ከሆኑና ከእያንዳንዱ አክስል አንድ ጎማ ጭቃ ላይ ካረፈ፣ «በአራት ጎማ ይነዳል» የተባለው ትራክተር ሁለት ጎማዎችን በባዶ እያሽከረከረ ይቆማል።

4. የፊት ዲፈረንሻል ዓይነቶች

ሀ. ክፍት ዲፈረንሻል። ቀላልና ርካሽ ነው፤ መሪ አያከብድም። አንድ ጎማ ሲንሸራተት ግን ደካማነቱ ከላይ እንደተገለጸው ነው።

ለ. ከፊል ቆላፊ ዲፈረንሻል። በውስጡ የፍትጊያ ዲስኮች አሉት። አንደኛው ጎማ በባዶ መሽከርከር ሲጀምር ዲስኮቹ እርስ በርስ ተጨብጠው የኃይሉን ከፊል ለሌላው ጎማ ያሳልፋሉ። ሾፌሩ የሚነካው ነገር የለም። ዲስኮቹ ሲያልቁ ግን ቀስ በቀስ እንደ ክፍት ዲፈረንሻል ይሆናል። የዘይቱ ዓይነትና መጠን አምራቹ ካዘዘው ውጪ ከሆነ ሥራው ይበላሻል።

በአገራችን ብዙ የታወቀው የቤላሩስ ትራክተር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ኤም ቲ ዜድ 80 የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሲሆን፣ ኤም ቲ ዜድ 82 ደግሞ በአራቱም ጎማ ይነዳል። የ82ቱ የፊት አክስል ከፊል ቆላፊ ዲፈረንሻል አለው። የፊት አክስሉ ማዘዣም ሦስት ቦታ አለው፤ እነርሱም የተለቀቀ፣ በራሱ የሚሠራና በግዴታ የተያያዘ ናቸው። «በራሱ የሚሠራ» በሚለው ቦታ ላይ ሲሆን የኋላ ጎማዎች መንሸራተት ሲጀምሩ የፊቱ አክስል ይያያዛል። ይህ የሚሆነው ወደ ፊት በሚሄድበት ጊዜ ነው። ትራክተሩ ከማጥ ወደ ኋላ እንዲወጣ ከተፈለገ ማዘዣውን «በግዴታ የተያያዘ» ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሾፌር ወደ ኋላ ሲሞክር የፊት ጎማዎቹ አይረዱትም።

ሐ. የሚቆለፍ ዲፈረንሻል። ሾፌሩ በፔዳል ወይም በማብሪያ ቁልፍ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል። የመጎተት ኃይሉ ከሁሉም ይበልጣል፤ በተሳሳተ ጊዜ ከተጠቀሙበት ግን ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው። በተቆለፈ የፊት ዲፈረንሻል ትራክተሩ በቀጥታ መሄድ ይፈልጋል እንጂ በቀላሉ አይዞርም።

ትንሹ ባለአራት ጎማ ሞተር ብስክሌት (ኤቲቪ) የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት እንደ ሥሪቱ ከሦስቱ አንዱ ሊኖረው ይችላል። መሪው በእጅ ጉልበት ብቻ የሚዞር በሆነው ላይ የፊቱ ሲቆለፍ ክብደቱ ወዲያው ይታወቃል።

የልማት ሠራተኞች በሚጠቀሙባቸው የመስክ መኪኖች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በፊት ጎማው መካከል በእጅ የሚጠመዘዘው መቆለፊያ ጎማውን ከዘንጉ ጋር ያገናኛል እንጂ ዲፈረንሻሉን አይቆልፍም። ስለዚህ መቆለፊያው ተጠምዝዞ ባለአራት ጎማው ማርሽ ቢገባም፣ ክፍት ዲፈረንሻል ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

5. በማሳ ላይ አጠቃቀም

በዲስክ ማረሻ ሲታረስ የአንድ ወገን ጎማዎች በትልሙ ውስጥ፣ የሌላው ወገን ደግሞ ባልታረሰው መሬት ላይ ይሄዳሉ። ትራክተሩ ወደ ትልሙ ስለሚያዘነብል ባልታረሰው ላይ ያሉት ጎማዎች ክብደት ያንሳቸዋል፤ ስለዚህ ቀድመው የሚንሸራተቱት እነርሱ ናቸው። ተዳፋቱን አቋርጦ በሚታረስበት ጊዜም እንዲሁ በላይ በኩል ያሉት ጎማዎች ይቀልላሉ። አፈር እንዳይታጠብ አቋርጦ ማረስ ግድ ስለሆነ፣ ይህን መንሸራተት በዲፈረንሻል መቆለፊያና በክብደት መቋቋም እንጂ ሽቅብና ቁልቁል በማረስ ለማምለጥ መሞከር አይገባም።

የሚከተሉት ደንቦች ሊጠበቁ ይገባል።

1ኛ. መቆለፊያውን ጎማው መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት፣ ድጡ ከመድረሱ ጥቂት ሜትሮች ቀደም ብሎ መጫን። አንዱ ጎማ በኃይል እየተሽከረከረ እያለ መቆለፍ ጥርስና ዘንግ ይሰብራል። ከረፈደ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ጎማዎቹ ሲቆሙ መቆለፍ ነው።

2ኛ. የሚቆለፈው መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ብቻ ነው።

3ኛ. ከመዞሪያው በፊት መልቀቅ። ከተለቀቀ በኋላ ሳይከፈት ከቀረ መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

4ኛ. በደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ የፊት አክስሉን ፈጽሞ መልቀቅ። ከሁምቦ ጠበላ ወደ ሶዶ በአስፋልት ሲመለሱ የፊቱን እንዳያያዙ መሄድ ጎማ ይበላል፣ ጥርስም ይጎዳል።

5ኛ. በገደል አፋፍ፣ በቦይ ዳርና በተዳፋት ላይ በተቆለፈ ዲፈረንሻል ለመዞር አለመሞከር። መሪው ቢጠመዘዝም ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ሊሄድ ይችላል።

6. ከዲፈረንሻሉ በፊት መታየት ያለባቸው

ዲፈረንሻል ኃይል ያከፋፍላል እንጂ አይፈጥርም። ጎማው መሬት የሚይዘው በክብደቱና በሁኔታው ነው።

ክብደት። ማረሻ ሲጎተት ከፊት የነበረው ክብደት ከፊሉ ወደ ኋላ ይሸጋገራል። የፊቱ በጣም ከቀለለ የተቆለፈ ዲፈረንሻልም ዋጋ የለውም። የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ የሚያንሱበት በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከጠቅላላው ክብደት ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው በፊት አክስል ላይ ቢያርፍ ይመረጣል። ለዚህም የፊት ብረቶች ይጨመራሉ።

የጎማ ነፋስ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች ነፋስ እኩል ይሁን። አንደኛው ካነሰ ዲፈረንሻሉ በቀጥታ መንገድም ያለ ዕረፍት ይሠራል።

የጎማ መጠን። የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ጥቂት ቀደም ብለው እንዲዞሩ ተደርጎ ይሠራል። ይህ ቅድሚያ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ ነው። ማኅበሩ በገበያ ርካሽ ያገኘውን ሌላ ቁጥር ጎማ ከፊት ቢያስገባ ቅድሚያው ይጠፋል ወይም ከልክ ያልፋል። ለመለካት፦ በኋላና በፊት ጎማ ላይ በኖራ ምልክት ማድረግ፣ ያለ ማረሻ በለስላሳ መሬት ላይ የኋላው 10 ጊዜ እስኪዞር መንዳት፣ የፊቱን ዙር መቁጠር። አንድ ጊዜ የፊቱ ተለቅቆ፣ አንድ ጊዜ በግዴታ ተያይዞ። ተለቅቆ 15 ዙር፣ ተያይዞ 15 ተኩል ዙር ቢሆን ቅድሚያው 0.5 ÷ 15 × 100 = 3.3 በመቶ ነው፤ ይህ ደህና ነው።

የመንሸራተት መጠን። የኋላው ጎማ 10 ጊዜ ሲዞር ትራክተሩ ያለ ማረሻ የሄደውን ርቀት በሜትር መለካት። ከዚያም ማረሻው እየሠራ እንደገና መለካት። ለምሳሌ ያለ ማረሻ 48 ሜትር፣ ከማረሻ ጋር 42 ሜትር ቢሆን፣ 6 ÷ 48 × 100 = 12.5 በመቶ ነው። ከ8 እስከ 15 በመቶ ያለው ተገቢ ነው። ከ15 በመቶ ካለፈ ናፍጣና ጎማ ይባክናል፤ የሚንሸራተተው ጎማም እርጥቡን አፈር ስለሚያሸውና ስለሚጠቀጥቀው ሥር በቀላሉ አያልፍበትም። ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ትራክተሩ ከሚገባው በላይ ከብዷል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ መሬቱን ማየት ይቀድማል። ከማረሻው ጥልቀት የተወሰደ አፈር በእጅ ሲድቦለቦል እንደ ሸክላ ጭቃ የሚጣበቅና የማይፈረፈር ከሆነ ለእርሻ አልደረሰም። ምንም ዓይነት ዲፈረንሻል በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ማረስን ትክክል አያደርገውም።

7. ትራክተር ማጥ ሲገባ

ጎማው መሽከርከር እንደጀመረ ማቆም። ማረሻውን ማንሳት ወይም መፍታት። በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ መጥረግ። ከዚያም የፊቱን አክስል አያይዞ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ በዝቅተኛ ማርሽ በመጣበት ወደ ኋላ ለመውጣት መሞከር።

ግንድ ወይም ቋሚ እንጨት ከኋላ ጎማ ጋር በሰንሰለት አስሮ መንዳት ፈጽሞ ክልክል ነው። ጎማው መዞር ሲያቅተው ትራክተሩ ራሱ በአክስሉ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ይህም ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሚሆን ሾፌሩ ለመዝለል ጊዜ አያገኝም። በሌላ ትራክተር ሲሳብ ደግሞ የሚስበው ትራክተር ሰንሰለቱን ከታችኛው መጎተቻው እንጂ ከአክስሉ ወይም ከዚያ በላይ ማሰር የለበትም። በሚጎተትበት ጊዜ ሕፃናትና ተመልካቾች ከሰንሰለቱ ርዝመት በላይ ይራቁ።

8. የማኅበሩና የልማት ሠራተኛው ድርሻ

— ትራክተር ሲገዛ ወይም ሲከራይ «በአራት ጎማ ይነዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «የፊት ዲፈረንሻሉ ምን ዓይነት ነው? ይቆለፋል ወይ? በምን ይቆለፋል?» ተብሎ ይጠየቅ።
— መልሱ በሾፌሩ ቋንቋ ተጽፎ ከመሪው አጠገብ ይለጠፍ።
— የፊት አክስሉ ዘይት ከበልግ በፊት ይታይ። በጎማው መካከል ዘይት ካንጠባጠበ ጎሚኒው ይለወጥ።
— ከእርሻው ዋዜማ የልማት ሠራተኛው ከማሳው ባለቤት ጋር ማሳውን በእግሩ ይዙር፤ ውኃ የሚቋጥሩትን ቦታዎች በእንጨት ምልክት ያድርግ። እነዚህ መጨረሻ ላይ ይታረሱ ወይም ለበሬ ይተዉ።
— ከእርሻ በኋላ የጎማ አሻራ ይታይ። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲቆፍር ሌላው የጥርሱን ምልክት ጥርት አድርጎ ካተመ፣ ዲፈረንሻሉ ክፍት ነው ወይም ዲስኮቹ አልቀዋል።

9. ማጠቃለያ

አራት ጎማ መነዳቱ አራት ጎማ መጎተቱን አያረጋግጥም። የፊት አክስል የሚጎትተው ዲፈረንሻሉ በፈቀደው መጠን ነው። ክፍት ከሆነ ከደካማው ጎማ እጥፍ አይበልጥም፤ ከፊል ቆላፊ ከሆነ ይሻላል፤ ከተቆለፈ እያንዳንዱ የሚችለውን ይሰጣል፣ ግን በቀጥታ ጉዞና በጊዜው ብቻ። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ያለው ማኅበር ጥቂቶቹን የበልግ ቀናት በማሳ ላይ ያሳልፋል፤ የማያውቅ ግን መለዋወጫ ሲፈልግ ወቅቱ ያልፍበታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የማኅበራችን ትራክተር የፊት ዲፈረንሻል ከሦስቱ የትኛው ነው? እንዴት አወቅን?
2. ሁለት እኩል ያልሆኑ በሬዎች ሲጠመዱ የሚሆነው ከዲፈረንሻል ጋር እንዴት ይመሳሰላል?
3. በቀበሌያችን ውኃ የሚቋጥሩት ማሳዎች የትኞቹ ናቸው? በትራክተር ተራ ላይ በስንተኛ ደረጃ መቀመጥ ይገባቸዋል?
4. ትራክተሩ ቢቀበር ለማውጣት ማን ኃላፊ ነው? አካፋና ሰንሰለት ከትራክተሩ ጋር ይገኛሉ ወይ?